በጆሮ ብቻ የሚነገር የፕሪአምፕ ወሬ

ጠጋ በሉ። ሮክ ሊቀርጽ የተነሣ ባንድ ሁሉ ትንሽ ገንዘብ እንዳጠራቀመ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛውን ፕሪአምፕ እንግዛ? ለዚህ ጥያቄ ለደንበኛ የምንሰጠው መልስና ደንበኛው ከወጣ በኋላ እኛ የስቱዲዮ ሰዎች እርስ በርስ የምንነጋገረው ለየቅል ነው። እኔ የምነግራችሁ ሁለተኛውን ነው።

ፕሪአምፕ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። ማይክራፎን የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት እጅግ ደካማ ነው። ያንን ምልክት ተቀብሎ መቅጃው ሊይዘው ወደሚችልበት ደረጃ የሚያሳድገው የመጀመሪያው ማጉያ ፕሪአምፕ ይባላል። ሥራው ይኸው ነው። በዚህ ሣጥን ዙሪያ የተወራው ግን ከሥራው እጅግ ይበልጣል፤ በተለይ ኒቭ የሚለው ስም ከተነሣ።

የሩፐርት ኒቭ ኩባንያ 1073 የተባለውን የፕሪአምፕ ሞጁል እንግሊዝ አገር ያወጣው በ1970 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ)። በትራንዚስተር ይሠራል፣ በመግቢያውም በመውጫውም ትራንስፎርመር አለው፣ ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) በቀይ ቁልፍ አምስት አምስት ዴሲቤል እየዘለለ ይጨምራል። ግሩም ዕቃ ነው፤ ማንም አይክድም። ዛሬ ብዙ ስቱዲዮዎች በመሣሪያ ዝርዝራቸው አናት ላይ የሚጽፉት እሱን ነው፤ ደንበኛ ስሙን አይቶ ቀጠሮ ይይዛልና። ቀረጻው ሲጀመር ግን መሐንዲሱ ያንን ሞጁል ለምን ለዚያ ማይክ እንደመረጠ ብትጠይቁት፣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ገመዱ ቀድሞውኑ እዚያ ተሰክቶ ነበር» የሚል ነው። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም። ከብዙ ጥሩ ነገሮች መካከል ሲመረጥ ምርጫው ያን ያህል እንደማያስጨንቅ እንድታውቁት ነው።

የኒቭ ዝና ዋና ምስክር ተደርጎ የሚጠራው የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» ነው። አልበሙ የተቀረጸው በ1991 ሎስ አንጀለስ፣ ቫን ናይስ ሰፈር በሚገኘው ሳውንድ ሲቲ ስቱዲዮ ሲሆን ፕሮዲዩሰሩ ቡች ቪግ ነበር። ኮንሶሉ፣ ማለትም ማይኮቹ ሁሉ የሚገቡበት ትልቁ ማደባለቂያ፣ ስቱዲዮው በ1973 የገዛው ኒቭ 8028 ነው። የባንዱ ድራመር ዴቭ ግሮል ያንኑ ኮንሶል በ2011 ገዝቶ ወደ ራሱ ስቱዲዮ ወሰደው፤ በ2013 ደግሞ ስለ ስቱዲዮው ዘጋቢ ፊልም አወጣ። ኒቭ ፈላጊው ከፊልሙ ወዲህ ይበልጥ በዛ።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። በዚያ ኮንሶል ላይ የተደረደሩት ሞጁሎች 1084 ናቸው እንጂ 1073 አይደሉም። በእርግጥ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ የማጉያ ክፍላቸውም ይመሳሰላል። ሆኖም «የኔቨርማይንድን ድምፅ እፈልጋለሁ» ብሎ 1073 ለሚገዛ ወጣት ይህን የሚነግረው ሻጭ አላየሁም። ሌላም አለ። ቴፑ ለሚክስ የሄደው ሌላ ስቱዲዮ፣ አንዲ ዋላስ ዘንድ ነው፤ እሱ የሠራበት ኮንሶል ኒቭ ሳይሆን ኤስኤስኤል ነበር። ስለዚህ ያ ሁላችንም የምናውቀው የድራም ድምፅ ከግሮል ክንድ፣ ከዚያ ሰፊ ክፍል፣ ከማይኮቹ አቀማመጥና ከዋላስ ሚክስ ተደምሮ የመጣ ነው። ፕሪአምፑ ድርሻ አለው፤ ግን ትንሹን።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ያው ባንድ ራሱ ትቶልናል። በ1993 መጀመሪያ ላይ ኒርቫና ሚኒሶታ ውስጥ ካነን ፎልስ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ፓኪደርም ስቱዲዮ ገብቶ «ኢን ዩተሮ»ን ቀረጸ። መሐንዲሱ በ2024 ያረፈው ስቲቭ አልቢኒ ነበር። ድራመሩ ያው ግሮል፣ ዘፋኙም ጊታሪስቱም ያው ኩርት ኮቤይን፣ ኮንሶሉም ኒቭ ነው፤ 8068። ሁለቱን አልበሞች አከታትላችሁ ስሟቸው። የአንዱን ስኔር ከሌላው የሚያምታታ ጆሮ ይኖራል ብዬ አላምንም። «ኔቨርማይንድ» የተወለወለና የገዘፈ ነው፤ «ኢን ዩተሮ» ክፍሉ ራሱ የሚጮህበት፣ እናንተም ከድራሙ አጠገብ የቆማችሁ የሚመስል ነው። አልቢኒ በክፍሉ ዙሪያ ብዙ ማይኮችን አስቀምጦ ለአየሩ ቦታ ሰጠው። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ነው።

የፍሊትዉድ ማክም ነገር እንዲሁ ነው። በ1975 የወጣውን፣ በባንዱ ስም የተጠራውን አልበም የቀረጹት በዚያው በሳውንድ ሲቲው ኒቭ ነው። ቀጥሎ የመጣው «ሩመርስ» በአብዛኛው የተቀረጸው ሳውሳሊቶ በሚገኘው ሬኮርድ ፕላንት ሲሆን፣ እዚያ የነበረው ኮንሶል ኤፒአይ ነው። ኤፒአይ አሜሪካ ሠራሽ፣ 2520 በሚባለው ማጉያው የታወቀ፣ ከኒቭ የተለየ ጠባይ አለው የሚባልለት ኮንሶል ነው። ከኒቭ ወደ ኤፒአይ በመሄዳቸው ባንዱ የተጎዳ ነገር አለ? «ሩመርስ» በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ነው።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። ይህን የሚያወራችሁ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ለሮክ ትልቁ ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የጊታር አምፕ ፊት በብዛት የሚቆመውን ሹር ኤስኤም57ን ውሰዱ፤ ከ1965 ጀምሮ ያለ ማይክ ነው። በ94 ዴሲቤል ድምፅ ፊት ስታስቀምጡት የሚያወጣው ከ2 ሚሊቮልት ያነሰ ነው። 94 ዴሲቤል ግን ለሮክ ገና መነሻው ነው። በደንብ የተከፈተ የጊታር አምፕ ስፒከሩ ሥር 114 ዴሲቤል በቀላሉ ያልፋል፤ ያኔ ማይኩ የሚያወጣው ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ተነሥቶ መደበኛው የመስመር ደረጃ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጌይን ከ35 እስከ 40 ዴሲቤል ቢሆን ነው። ይህን ደግሞ ተራ የሚባለው ሳውንድ ካርድ ያለ ምንም ጭንቀት ይሰጣችኋል። ወደ ስኔር ስትመጡ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። የዱላው ምት በቅርብ ሲለካ ጫፉ 140 ዴሲቤል ሊነካ ይችላል፤ ማይኩ ብቻውን ከ0.3 ቮልት በላይ ያወጣል። እዚህ ላይ የሚቸግረው የጌይን ማነስ አይደለም፤ የጌይን መብዛት ነው። ከኤስኤም57 የበረታ ምልክት የሚያወጣው ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ሮክ ለምትቀርጹ ሰዎች ከፕሪአምፑ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስንት ያጎላል?» ሳይሆን «ስንት ይችላል?» ይሁን። ፓድ (የሚገባውን ምልክት የሚቀንስ ቁልፍ) አለው ወይ? ቁልፉን እስከ ታች ስታወርዱት ጌይኑ በእርግጥ ይወርዳል ወይስ እዚያው ከፍ ብሎ ይቀራል? ድራመራችሁ በሙሉ ኃይሉ ሲመታ የመጀመሪያው የማጉያ ክፍል ይጨናነቃል ወይስ ይተነፍሳል? ፕሪአምፑ እንደተበላሸ የሚቆጠርበት አብዛኛው ክር ክር የሚል ቀረጻ የመጣው ፓድ ሳይጫን በመቅረቱ ነው።

ሻጮች የሚመኩበት የኖይዝ ቁጥርም አለ። የ150 ኦም ምንጭ ከራሱ ሙቀት ብቻ የሚፈጥረው ኖይዝ ከዜሮ ዲቢዩ (የኤሌክትሪክ ምልክት መለኪያ) በታች 131 ዴሲቤል ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከዚያ በታች የትኛውም ፕሪአምፕ ሊወርድ አይችልም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ዘመናዊ ርካሽ ሳውንድ ካርድ 127 ወይም 128 ይደርሳል። ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት ልዩነት እነዚህ ሦስትና አራት ዴሲቤሎች ናቸው፤ እነሱም የጊታር አምፑ ራሱ ከሚያሰማው የኤሌክትሪክ ጉምጉምታ ሥር ተቀብረው ይቀራሉ። የሚታዩት ደካማ ማይክ ከለሰስ ካለ ድምፅ ጋር ሲገናኝ ነው። ኤስኤም7ቢን የመሰለ ማይክ ለንግግር ያህል ድምፅ ወደ 60 ዴሲቤል ጌይን ይፈልጋል። ዘፋኛችሁ በመግቢያው ላይ እያንሾካሾከ በአዝማቹ የሚጮህ ከሆነ፣ ለእሱ ማይክ ንጹሕና በቂ ጌይን ያለው አንድ ቻናል ያስፈልጋችኋል። ለአንድ ማይክ አንድ ቻናል፤ ለሁሉም አይደለም።

ታዲያ ኒቭም ኤፒአይም ምንም ልዩነት የላቸውም እያልኩ ነው? አይደለም። ልዩነቱ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ እሱም ሲነዱ፣ ማለትም በኃይል ሲገፉ ነው። እኛ ባጭሩ «ብረቱ» የምንለው ትራንስፎርመሩ፣ ድምፁ ሲወፍርና ሲጎላ መጨናነቅ ይጀምራል። የትራንስፎርመር መዛባት የሚበረታው በዝቅተኛው ድምፅና በከፍተኛ ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ ትራንስፎርመር ያለው ፕሪአምፕ ከገዛችሁ ለኪክ፣ ለቤዝና ለትልቁ ቶም ስጡት። ብዙ ሰው ሲምባል ላይ ያስቀምጠውና «ልዩነቱ የቱ ነው?» ብሎ ያዝናል። ብረቱ እዚያ የሚናገረው ብዙ የለውም።

መንዳት ሲባል ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ቢትልስ በ1968 ያወጡት «ሬቮሉሽን» ነው። ያ የሚያቃጥል የጊታር ድምፅ ከአምፕ አልመጣም። ጊታሮቹ በቀጥታ ኮንሶሉ ውስጥ ተሰክተው፣ አንዱ የቫልቭ ፕሪአምፕ በሌላው ላይ ተቀጥሎ፣ ሁለቱም ከአቅማቸው በላይ ተገፍተው ነው። መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ ይህን ሲያደርግ የኢኤምአይን ስቱዲዮ ደንብ እየጣሰ ነበር። ፕሪአምፕ ራሱን የቻለ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሆነው እንዲህ ሲሠራበት ነው፤ እኔም ፕሪአምፕን ከልቤ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ሻጭ የማያነሣው አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ በወረቀት ላይ ጻፉት። የድሮው 1073 ሞጁል መውጫው ላይ መቀነሻ የለውም። አያስፈልገውም ነበር፤ ኮንሶሉ ላይ ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) አለ። መሐንዲሱ ቀዩን ቁልፍ ከፍ አድርጎ ሞጁሉን እየነዳ በፌደሩ ይቀንስ ነበር። ዛሬ ያንኑ ሞጁል ለብቻው በሣጥን ገዝታችሁ በቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርድ ስትሰኩት ግን፣ ብረቱ ገና ሳይሞቅ ካርዱ ቀድሞ ይሞላል። ያ የተመኛችሁት ድምፅ ሳይመጣ ይቀራል። ስለዚህ መውጫው ላይ መቀነሻ ያለውን ብቻ ግዙ። በትራንስፎርመሩ ምርት ስም ከመጨነቅ ይህ ይበልጣል።

በኦም ስለሚለካው ስለ መግቢያ ኢምፒዳንስ ብዙ አልልም። ሪበን ማይክ ካላችሁ የፕሪአምፑ መግቢያ 1500 ኦም ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ዝቅ ካለ ከታች ያለው ድምፅ ይሳሳል። ኤስኤም57 ግን ዝቅ ባለ መግቢያ ላይ ጠባዩ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ሰው ይወደዋል። መቀያየሪያ ቁልፍ ካለው ሞክሩት፣ ከሌለው አትዘኑ። ሪበን ካነሣሁ ግን የሌድ ዘፔሊንን «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ሳልጠቅስ አላልፍም። መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ድራሙን ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ የገጠር ቤት አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሁለት ቤየር ኤም160 ሪበን ማይኮችን ከላይ ከደረጃው ላይ አንጠለጠለ። የሮሊንግ ስቶንስ የመቅረጫ መኪና ደጅ ቆሟል፤ በውስጡ ያለው ኮንሶል ሄሊዮስ ነው። በሮክ ታሪክ በጣም ከተኮረጁት የድራም ድምፆች አንዱ የመጣው ከድራመሩ ከጆን ቦናም፣ ከደረጃውና ከሁለት ማይክ ነው። ኒቭ አጠገቡ አልነበረም።

ከመግዛታችሁ በፊት ካወዳደራችሁ በትክክል አወዳድሩ። የሚያሳስተው ነገር የድምፅ መጠን ነው። የአንድ ዴሲቤል ግማሽ ያህል ብቻ ከፍ ያለው ሁልጊዜ «ሞቅ ያለ»፣ «ሰፋ ያለ» ይመስላል፤ ጆሯችን እንዲህ ነው የተፈጠረው። ማሳያ ክፍሎች ውስጥ ውዱ ዕቃ ትንሽ ጎላ ብሎ የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። እናንተ ግን ጊታሩን አንድ ጊዜ በቀጥታ ቅረጹት፤ ያንኑ ቅጂ ወደ አምፑ መልሳችሁ እያጫወታችሁ፣ ማይኩን ሳትነኩ፣ ፕሪአምፖቹን አንድ በአንድ ቀያይሩ። እያንዳንዱን በማያቋርጥ ወጥ ድምፅ ለክታችሁ እኩል አድርጓቸው። ከዚያ ሌላ ሰው እያጫወተላችሁ ስሙን ሳታውቁ ምረጡ። በዚህ መንገድ ሲፈተኑ ጸጥ ያሉ ስመ ጥር ባለሙያዎች አይቻለሁ። ልዩነት ይሰማሉ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አይናገሩም። ይህን ካያችሁ በኋላ ገንዘባችሁን የምታወጡበት መንገድ ይለወጣል።

ስለ ርካሽ «ቫልቭ» ፕሪአምፖች በግልጽ ልናገር። እውነተኛ የቫልቭ ማጉያ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት ይሠራል። በርካሹ ሣጥን ውስጥ ያለው ቫልቭ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቮልት የተራበ ነው፤ የሚያጎላው ከጎኑ ያለው ተራ ቺፕ ነው። አንዳንዶቹ ላይማ የምታዩት ብርቱካናማ ብርሃን የቫልቩ አይደለም፤ ከጀርባው የተተከለ ትንሽ መብራት ነው። ያንን ብርሃን አይታችሁ አትግዙ።

አሮጌ ሞጁል ለሚመኝም አንድ ቃል አለኝ። የሃምሳ ዓመት ዕቃ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ይደርቃሉ። ከአንድ ኮንሶል የወጡ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሞጁሎች ጎን ለጎን ስታደርጓቸው የተለያየ ድምፅ ሊያወጡ ይችላሉ። «የድሮ ድምፅ» እየተባለ የሚወደሰው ጥገና የሚጠይቅ ዕቃ ሊሆን ይችላል። መቼ እንደታደሰ፣ ማን እንዳደሰው፣ ምን እንደተቀየረ ያልተጻፈለትን ሞጁል በውድ አትግዙ። በዚያው ንድፍ የሚሠሩ አዳዲስ ኮፒዎች አሉ፤ ዋጋቸው የሚለያየው በአብዛኛው በትራንስፎርመሩ፣ በመቀያየሪያ ቁልፎቹና በሠራተኛው ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያ ዕቃ ብዙዎቹ ይበቃሉ።

አራት አባላት ላለው ባንድ እኔ የማዘው ይህን ነው፦ ስምንት ተመሳሳይ፣ ንጹሕ፣ ፓድ ያላቸው ቻናሎች፤ ከእነሱ ጋር ትራንስፎርመርና የመውጫ መቀነሻ ያላቸው ሁለት ፕሪአምፖች፤ አንዱ ለኪክ ወይም ለቤዝ፣ አንዱ ለዘፋኙ። አንድ ውድ ቻናል ብቻ ይዞ ድራም መቅረጽ አይቻልም፤ ይህን ግን አንድ ባለ ስም ሣጥን ገዝተው ለቀሪዎቹ ሰባት ማይክ መሰኪያ ያጡ ልጆች ደጋግመው ያሳዩኛል። የተረፈውን ገንዘብ ለአዲስ የድራም ቆዳ፣ ድራሙን በትክክል ለሚቃኝ ሰውና ጣሪያው ከፍ ባለ ክፍል ውስጥ ለሁለት ቀን ኪራይ አውሉት።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አንድ የግድ ነገር። ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ካወጣ ወዲህ በአማርኛ ሮክ የሚሞክሩ ልጆች ዕቃ የሚያስመጡት በአብዛኛው አሜሪካ ባለ ዘመድ ሻንጣ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። አዳዲስ ሳውንድ ካርዶች አብዛኞቹ ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ በመብራት ትራንስፎርመር የሚሠሩ ፕሪአምፖች ግን ብዙዎቹ አንዱን ብቻ ነው፣ ወይም ከጀርባቸው መቀያየሪያ አላቸው። ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ፤ «120» ብቻ ከተጻፈበት የ220ውን ዓይነት ይጠይቅ፣ ወይም ቮልት ዝቅ የሚያደርግ ደህና ትራንስፎርመር አብሮ ይታሰብ። መብራቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ደግሞ ስታቢላይዘር ሳታስገቡ አታብሩት። የጊታር አምፑንና የመቅረጫውን ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፤ ከሁለት ግድግዳ ከሰካችኋቸው ያ የ50 ኸርትዝ ጉምጉምታ በገመዱ ይገባል፣ የትኛውም ፕሪአምፕ ደግሞ አብሮ ያጎላዋል።